አባት የሌለው ድምፅ

ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ የምንመለስበት ሚኒባስ ዳአር ቡዱቅ የምትባለውን መንደር እንዳለፈ የኋላ ጎማው ባይፈነዳ ኖሮ ይህን ታሪክ ሳላውቀው እኖር ነበር። ባላውቀው ይሻለኝ እንደሆነ ራሴን ጠይቄያለሁ። አይሻለኝም። እያወቁ ዝም ማለት ምን እንደሚያደርስ የተማርኩት በዚያ ቀን ነውና ይኸው እጽፈዋለሁ።

ሐርጌሳ የገባሁት በሒሳብ አስተማሪነት ነው፤ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ፣ ሰዉም «ኡስታዝ» ይለኛል። በዚያ ሰሞን ፈተና ሳርም በርበራ ሰንብቼ፣ ሙቀቱን ከሚሸሸው ሰው ሁሉ ጋር ተጋፍቼ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ዘወር ቢሉ ጎረቤቴ ማዓሊም ሮብሌ ሆነው ተገኙ። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ልጆች ቁርዓን ያስተማሩ፣ ቀልድ የሚወዱ፣ ክርክር ላይ ግን በቀላሉ የማይረቱ ሰው ናቸው። ከጎናቸው የእህታቸው ልጅ ሰጋል ነበረች፤ ሐርጌሳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የልብ ክፍል ነርስ ናት። እሷ የእናቷን ወንድም «አብቲ» ትላቸዋለች፣ እሳቸውም መልሰው «አብቲ» ይሏታል፤ የአገሩ ወግ እንዲህ ነው።

«ኡስታዝ! አንተም እንደኛ ልትጠበስ ነበር የመጣኸው?» አሉኝ።

«በአንድ ጎኔ በስያለሁ፤ ልገላበጥ ነው የምሄደው» አልኳቸው።

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። የሄዱት የእህታቸውን የዳሃቦን ቤት ሊዘጉ ነበር። ዳሃቦ የሰጋል እናት ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ህንድ አገር ሄዳ ልቧ ውስጥ ደም የሚያሳልፍ የብረት ክዳን ተተክሎላት፣ ደህና ሆና ስትኖር፣ ከአራት ወር በፊት በድንገት ሞተች። ልብሷን ለድሆች አካፍለው፣ ቁልፉን ለቤቱ ባለቤት አስረክበው ነበር የሚመለሱት።

ጎማው ሲፈነዳ መለዋወጫውም የማይረባ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ አላፊ መኪና ለምኖ ሌላ ሊያመጣ ሄደ፤ ተሳፋሪውም ጥላ ፍለጋ ተበታተነ። እኛ ሦስታችን ከመንገዱ ራቅ ወዳለች አንዲት ግራር አመራን። ማዓሊም ሮብሌ ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄዱ ቆሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ትንፋሽ አጠራቸው። ሰጋል ደግፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸውና ጫማቸውን አውልቃ ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ ጣቷ ያረፈበት ጎድጉዶ ቀረ።

«አብቲ፣ የልብዎን ኪኒን ወስደዋል?»

«ትቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሃያ ቀን ሆነኝ።»

«ሃያ ቀን! አንድ ማዕድ እየበላን ሃያ ቀን ደበቁኝ?»

«አልደበቅሁሽም። አልጠየቅሽኝም።»

«ማን ተዉ አለዎት?»

«ሐኪም ነዋ! ያውም የልብ ሐኪም፣ የኢስታንቡሉ።»

«ኢስታንቡል መቼ ሄዱ?»

«እሱ መጣልኝ እንጂ!» አሉና ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሰሙን።

ድምፁን አወቅሁት። ከወራት በፊት በሰፈሩ የስልክ ግሩፕ እኔም ዘንድ ደርሶ ነበር። የጎልማሳ ድምፅ ነው፤ ሶማሊኛው እንደ ማር ይፈሳል፣ በየመሐሉ ግጥም ጣል ያደርጋል፣ ለሰሚው የሚያዝን ይመስላል። ኢስታንቡል የሚሠራ ትልቅ የልብ ሐኪም እንደሆነ ይናገርና፣ የልብና የደም ኪኒን ሁሉ ሰውን የዕድሜ ልክ ደንበኛ ለማድረግ የተሠራ ነው፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት የገባበት አንድ ልዩ ማር አርባ ቀን የወሰደ ሰው ኪኒኑን ይጣል ይላል። ማሩ የሚገኝበትን ስልክ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይደጋግማል። መጨረሻው ላይ «ይህን ሰምቶ ለወገኑ ያላስተላለፈ፣ አላህ ይጠይቀዋል» ይላል።

«ይኸው» አሉ ማዓሊም ሮብሌ። «እንዲህ ዓይነት አንደበት ያለው ሰው ይዋሻል?»

«ይህ ከመጣ ግን ስድስት ወር አልፎታል፤ ለምን ያኔ አልተዉም?» አለች ሰጋል።

ሽማግሌው ወደ መሬት አዩ። «ያኔ ለሌላው አስተላለፍኩ እንጂ ለራሴ አልደፈርኩም። የሚለውን የማያደርግ ሰው በለኝ ኡስታዝ። በኋላ ግን ዳሃቦ ሞተች። እህቴ አንድ ቀን ሳታጓድል ያን ሁሉ ኪኒን እየዋጠች አይደል የሞተችው? ታዲያ ኪኒን ማንን አዳነ? ከዚያ በኋላ የኪኒኑን ዕቃ ባየሁት ቁጥር ያናድደኝ ጀመር፤ ተውኩት።»

ነገር የማታሳልፈው ሰጋል ከንፈሯን ነክሳ ወደ መንገዱ ዞረች። ማዓሊም ሮብሌ የከሰዓቱ የዓስር ሶላት ደርሷል ብለው ቀስ እያሉ ከዛፉ ወዲያ ሄዱ።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ኡስታዝ፣ እናቴ ኪኒኗን እየዋጠች አልሞተችም» አለችኝ፤ እንባዋ ወረደ። «ያን ድምፅ ሰምታ ተወችው። የብረት ክዳን ያለበት ልብ ደም የሚያቀጥነው ኪኒን ከተቋረጠበት ደም ይረጋበታል። ረጋ፤ ወደ ጭንቅላቷ ሄደ። በርበራ ስደርስ ግማሽ አካሏ አይታዘዝም ነበር። ድምፁን የላከላት ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ወደ ሰጋጁ ሽማግሌ አየሁ።

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው፤ ስልኳ ላይ አይቼዋለሁ። በዚያ በተያዘ ምላሷ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹ለሮብሌ እንዳትነግሪው፣ ይገድለዋል።› አደራዋን ጠበቅሁ። አሁን ደግሞ ዝምታዬ ሊገድላቸው ነው። ብነግራቸው ሐዘኑ፣ ባልነግራቸው ልባቸው። ምን ላድርግ?»

ምክሬንም ሳትጠብቅ፣ ሳልነግራቸው አሳምናቸዋለሁ፣ መልሰው ይጀምራሉ ብላ ፊቷን በሻርፕዋ ጠረገች።

ማዓሊም ሮብሌ ተመልሰው ሲቀመጡ ሰጋል ገና ልትጀምር ስትል፣ «ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ የሚለውን የነቢዩን ቃል እንዳታመጪብኝ፤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አሏት።

«አላመጣም። ሌላ ያስተማሩኝን ነው የማመጣው። አንድ ሰው መጥቶ ‹ነቢዩ እንዲህ ብለዋል› ቢልዎ ምን ይሉታል?»

«ከማን ሰማህ እለዋለኋ።»

«ከእገሌ ቢልዎ?»

«እገሌስ ከማን ሰማ? ታማኝ ነው ወይ? ያን ሰው በዓይኑ አይቶታል ወይ? ሰንሰለቱ መሐል አንድ የማይታወቅ ሰው ካለ ንግግሩ ወርቅ ቢሆን አልቀበለውም። ይህ የዕውቀቱ ሕግ ነው።»

«ታዲያ ለሶላትዎ ይህን ያህል ሲጠነቀቁ፣ ለልብዎ የመጣውን ከማን ነው ብለው አልጠየቁም። የኢስታንቡሉ ሐኪም ስሙ ማን ነው?»

«ስሙን... አልተናገረም።»

«የማን ልጅ ነው?»

ይህች ጥያቄ ጠንካራ ነች። እዚህ አገር አባቶቹን እስከ አሥር ቤት የማይቆጥር ሕፃን የለም፤ የማን ልጅ እንደሆነ ያልተናገረ ሰው ለአንድ ቀን እንኳ አይታመንም። ማዓሊም ሮብሌ ጢማቸውን አሻሹ። እጅ መስጠት ግን አልወደዱም።

«ቆዪ እንጂ አብቲ፣ አንቺስ የምታነቢው ከስልክ አይደል? ማታ ማታ እዚያች መስታወት ላይ ተተክለሽ የለም? ያንቺ ስልክ ሐኪም፣ የኔ ስልክ ቀጣፊ የሆነው በምን ሕግ ነው?»

«ስልኩ መንገድ ነው አብቲ። በመንገድ ላይ ሐኪምም ይሄዳል፣ ሌባም ይሄዳል። እኔ መንገደኛውን ነው የምጠይቀው። ይኸው ይዩ።» ስልኳን አወጣችና ስለ ልብ መድከም የተጻፈ ገጽ ከፈተች። «የጸሐፊዋ ስም ይኸው፤ የልብ ሐኪም ናት፤ የምትሠራበት ሆስፒታልም ተጽፏል፤ ብጠይቅ አገኛታለሁ። መቼ እንደተጻፈና ማን እንደመረመረው ከታች አለ። የምትሸጠው ነገር የላትም። ይህ ብቻ አልበቃኝም፤ ከእሷ ጋር የማይተዋወቅ ሌላ አገር ያለ የልብ ሐኪሞች ማኅበር ያወጣውን አየሁ፤ ሁለቱም አንድ ነገር ይላሉ። መጨረሻው ላይ ምን ይላል መሰለዎት? ‹ኪኒንዎን ከማቆምዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ።› ዕውቀት ያለው ሰው ሐኪምህ ዘንድ ሂድ ይላል። ያኛው ግን ሐኪምህን ጥለህ እኔ ዘንድ ና ነው የሚለው።»

«በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?»

«በእንግሊዝኛ።»

«አየሽ!» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ድል ሳይሆን ቅሬታ ነበር። «እውነቱ በማላውቀው ቋንቋ ተጽፎ ተቀምጧል። ውሸቱ በእናቴ ቋንቋ፣ ያውም በግጥም፣ ጆሮዬ ድረስ ይመጣልኛል። እኔ ሽማግሌው ምን ላድርግ?»

ልብን የሚነካ ነገር ተናገሩ። እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች እውነቱን አንብበን ለራሳችን ይዘን እንቀመጣለን፤ ቀጣፊው ግን ለሰዉ በሰዉ ቋንቋ ይነግረዋል። ሰጋልም ይህን አልካደችም።

«ልክ ነዎት፤ ጥፋቱ የኛም ነው። ግን እኔ ቤትዎ ውስጥ አለሁ። ጆሮዎ የሰማውን ይዘው ይምጡና ይጠይቁኝ፤ ዓይን እሆንዎታለሁ። እኔም የማላውቀውን ሐኪሙን እጠይቃለሁ።»

«እኔም ግን በባዶ ሜዳ አልተቀበልኩም» አሉ ሽማግሌው ወኔያቸው ተመልሶ። «ሰንሰለት አለው። የላከልኝ ጂርዴ ነው፤ ቡርዖ ያለው የከብት ደላላ፣ ዋሽቶ አያውቅም።»

«ደላላ ሆኖ?» አልኳቸው።

«ከብት ላይ ይዋሻል፤ ሰው ላይ አይዋሽም!» አሉና ደወሉ።

ጂርዴ ድምፁን ጂዳ ካለች የሚስቱ እህት ከሉል እንደተቀበለ ነገራቸው። ቁጥሯን ተቀብለው ሉልን ደወሉላት። ሉል ሳቀች፤ «አይ ማዓሊም፣ ሦስት መቶ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ ነው ያገኘሁት። ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ እኔ እንኳ እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም» አለቻቸው።

ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «እስከ መጨረሻው አልሰማችውም» አሉ ለራሳቸው። ከዚያም፣ «ረታሽኝ አብቲ። ይህ ድምፅ አባት የለውም» አሉ። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ እኔ መላ ሳልጨምርበት አሳለፍኩት።»

ሰጋል ደስ ብሏት እጃቸውን ሳመች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ በጎ ነበር። ግን ማዓሊም ሮብሌ የጀመሩትን በግማሽ የሚተዉ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን አጠለቁና ስልኩን እንደገና አነሱ።

«እስቲ አሁን እኔ ለማን ለማን እንዳስተላለፍኩ ልይ። ለእያንዳንዱ ደውዬ ተሳስቻለሁ ማለት አለብኝ።»

የሰጋል ፊት ተለወጠ። «ይተዉት አብቲ፣ ቤት ስንደርስ።»

«ለምን? ጊዜ አለን።»

«ባትሪዎ ያልቃል።»

«ግማሽ አለው።»

«ደግሞስ...» አለች። «ደግሞስ ምናልባት ሰውየው ልክ ሊሆን ይችላል። ማን ያውቃል? ማር እኮ ጥሩ ነው።»

ያን ሁሉ ስትከራከር የቆየች ልጅ፣ የረታችውን ክርክር መልሳ ልትሸነፍ ለመነች። ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩዋትና ወደ ስልኩ ተመለሱ። ጣታቸው ስሞቹን ወደ ታች ሳበ። አንድ ስም ላይ ቆመ።

«ለዳሃቦም ልኬላታለሁ» አሉ።

ነፋሱ አሸዋ ይዞ አለፈ።

«መልስ ሰጥታኛለች። በድምፅ ነው። አልሰማሁትም እኮ... በቀን መቶ ነው የሚመጣልኝ፤ አልሰማሁትም።»

«አብቲ፣ እባክዎ» አለች ሰጋል። ስልኩን ልትወስድ እጇን ዘረጋች። እሳቸው ግን ነክተውት ነበር።

የሞተችው ሴት ድምፅ ከግራሩ ሥር ወጣ። ጤነኛ፣ ፈገግ ያለ ድምፅ ነበር።

«ሮብሌ፣ ወንድሜ። የላክኸውን ሰማሁት። ሌላ ሰው ቢልከው አላምንም ነበር፤ አንተ ካልክ ግን አለቀ። ከዛሬ ጀምሮ ኪኒኗን ጥያታለሁ። ማሩንም አግኝቻለሁ፤ ይመራል! ምን ዓይነት ማር ነው የሚመር?» ሳቀች። «ለሰጋል እንዳትነግራት፣ ትቆጣኛለች። ደህና ዋል።»

ማዓሊም ሮብሌ አልጮኹም። ትልቅ ሰው ሲሰበር ድምፅ የለውም። ወደ ሰጋል ዞረው፣ «ታውቂ ነበር?» አሏት።

«አውቅ ነበር።»

«አራት ወር ሙሉ?»

«አደራ ብላኝ ነው። እንዳይሞቱብኝ ብላ።»

ሽማግሌው ጣቶቻቸውን ዘርግተው፣ ልጆች ሲያስቆጥሩ እንደኖሩት፣ አንድ በአንድ አጠፉ። «ዳሃቦ ከሮብሌ ሰማች። ሮብሌ ከጂርዴ። ጂርዴ ከሉል። ሉል ከማንም።» ወደ መጀመሪያው ጣታቸው ተመለሱ። «ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል እሷ ያመነችው አንዱን ነው። ድምፁ አባት አልነበረውም፤ እኔ አባት ሆንኩት።»

ሰጋል እግራቸው ሥር ተንበርክካ አለቀሰች። እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። «ማዓሊም፣ ግሩፑ ላይ ሲለቁት እኔም ሰምቼው ነበር» አልኳቸው። «ውሸት እንደሆነ በሰማሁበት ደቂቃ አውቄያለሁ። ታላቅ ሰው በሕዝብ ፊት አላሳፍርም ብዬ፣ በይሉኝታ፣ አውራ ጣት ልኬ አመሰገንኩዎት። ያን ቀን አንድ መስመር ብጽፍ ኖሮ...»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ከአፍ ሳይወጣ የቀረም ቃል ሰው እንደሚገድል ግን የነገረኝ አልነበረም።

ሾፌሩ ጎማ ይዞ ሲመጣ ማዓሊም ሮብሌ ሳንደግፋቸው ተነሡ። «ዛሬውኑ ልዋጠው?» አሏት።

«በራሳችን አይሆንም። ለሃያ ቀን አቋርጠዋል፤ ሐርጌሳ እንደገባን በቀጥታ ሆስፒታል እንሄዳለን፤ ሐኪሙ አይቶ ይወስናል» አለቻቸው። እሺ አሉ። ለክርክር የሚሆን ጉልበት አልነበራቸውም፤ ለመታዘዝ ግን ነበራቸው።

አራት ቀን ተኝተው ከታከሙ በኋላ፣ አርብ ዕለት በሰፈሩ ግሩፕ ላይ ድምፃቸው ተሰማ። እንዲህ ነበር ያሉት፦ «ይህን የምናገረው እኔ ሮብሌ ነኝ፤ የኢጋል ልጅ፣ የሺርዶን ልጅ፣ የሊባን ልጅ...» እስከ አሥራ ሁለተኛው አባታቸው ቆጠሩ። «የሰማችሁት የልብ ሐኪም አባት የለውም። እኔ አስተላልፌው እህቴን ዳሃቦን ቀበርኩ። ከእንግዲህ መድኃኒት ተው የሚል ድምፅ ሲመጣላችሁ ስሙን፣ የሚሠራበትን ቦታ፣ የሚሸጠውን ጠይቁት። ካልመለሰላችሁ ከእናንተ አይለፍ። ታማሚ ያለው ሰው ሐኪሙን ሳያናግር ኪኒን አያቁም። ማንበብ የማይችል የሚያነብለትን ይጠይቅ፤ የሚያነብም ዝም አይበል።»

የመጨረሻዋ ለእኔ ነበረች። አሁን ሰጋል ከታመኑ ገጾች ያነበበችውን ለክፍሏ ሐኪም ታሳያለች፣ እኔ በቀላል ሶማሊኛ እጽፈዋለሁ፣ ሽማግሌው በዚያ ባማረ አንደበታቸው ይናገሩታል፤ ከማን እንደተገኘም በስም ይጠራሉ። የሰፈሩ ሰው አዲስ ወሬ ሲመጣለት «አባቱ ማን ነው?» ማለት ለምዷል። በዚህ ጥረት ኪኒናቸውን ጥለው የነበሩ ሰባት ሰዎች ወደ ሐኪማቸው ተመልሰዋል፤ ከእነሱ አንዷ እንደ ዳሃቦ የብረት ክዳን ያላት የሁለት ልጆች እናት ናት። አንባቢዬ ሆይ፣ አንተም ስልክ አለህ፤ ከማስተላለፍህ በፊት የምትጠይቃት ይህች አንዲት ጥያቄ የሰው ዕድሜ ናት።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ቤታቸው ጎራ ብዬ ነበር። ማዓሊም ሮብሌ በረንዳ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው የዳሃቦን ድምፅ እያዳመጡ ነበር፤ አላጠፉትም። «ይመራል! ምን ዓይነት ማር ነው የሚመር?» አለችና ሳቀች። እሳቸው ኪኒናቸውን ምላሳቸው ላይ አድርገው በውሃ ዋጡት፤ ከዚያም እኔ መቆሜን ሳያዩ ለስልኩ መለሱለት።

«ይቺኛዋ አትመርም፣ ዳሃቦ።»